የፈረሱ ቤቶች ዘፈን

ማሬም ሳምብ የገዌል፣ የዘር ቆጣሪ ዘፋኞች፣ ዘር ናት። በሴኔጋል ጠረፍ፣ በወንዙና በባሕሩ መሃል በተጣበቀችው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ሕፃን ሲወለድና ስም ሲወጣለት፣ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ የምታወድሰው እሷ ነበረች። ከእሷ በፊት ደግሞ እናቷ።

ባሕሩ የዳር ዳሩን ቤቶች ጠራርጎ በወሰደ ዓመት ማሬም አያት ቅድመ አያት በምትጠራበት ዜማ የፈረሱትን ቤቶች በየባለቤታቸው ስም እየጠራች ዘፈነች። ዓሣ የሚያደርቁት ሴቶች ሥራቸውን ትተው እያለቀሱ ተቀበሏት።

ወሬውን ሰምቶ ሙሳ ጋይ መጣ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሕዝብ ለማንቃት የተቋቋመ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ዘፈኑን ቀረጸና፣

«እህቴ፣ ይኼን ትልልቆቹ ሰዎች መስማት አለባቸው» አላት።

«ሰምተው ምን ሊያደርጉ?»

«ሰው ሲያለቅስ እኮ ልቡ ይከፈታል።»

«እንግዲያው ባሕሩን የሚያግድ ግንብ ይሥሩልን በላቸው።»

«ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ዋና ከተማ ወስዶ ብርድ ብርድ በሚል አዳራሽ ውስጥ አቆማት። ዘፈነች። እንባቸውን የጠረጉም ነበሩ፤ ሁሉም ብድግ ብለው አጨበጨቡላት። ስትጨርስ በወሎፍኛ «ግንብ ሥሩልን» አለች። ሙሳ በፈረንሳይኛ ሲተረጉመው ረዘም አለ፤ አዳራሹም እንደገና አጨበጨበ። ማሬም ግንብ በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፤ አልሰማችውም።

ስትመለስ አክስቷ ቦርሶ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ጠየቀቻት።

«እህ፣ ምን አሉሽ?»

«አለቀሱ።»

«ጨው ውሃማ እኛም ጋ ሞልቷል» አለች ቦርሶ፣ ቀና ሳትል።

ዝናቡ አባርቶ ብዙም ሳይቆይ የጭነት መኪና ድምፅ ማጉያ አስሮ ወደ ሰፈሩ ገባ። ከማጉያው የሚወጣው የማሬም ድምፅ ነበር። ዘፈኑ ቆም ሲል አንድ ወንድ ይቀጥላል፤ «ባሕሩ እየመጣ ነው፤ ዕቃችሁን ሰብስቡ፤ ድንኳን ተዘጋጅቶላችኋል።» ድንኳኑ የተተከለው ከባሕሩ በራቀ አሸዋ ሜዳ ላይ ነው። ሴቶቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ዞረው ማሬምን አዩዋት።

«ይኸው ገዌላችን ሸኘችን» አለች አንዷ።

ማሬም ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሙሳ ቢሮ ሄደች።

«ግንቡስ?»

«ግንብ ብዙ ወጪ ነው እህቴ። መጀመሪያ ሕይወት ማትረፍ ይሻላል ተባለ። ደግሞ ያንቺ ድምፅ ባይኖር ሰው እሺ አይልም ነበር፤ ያምኑሻል።»

«ያምኑኝ ነበር።»

«ዘፈኑ ሥራውን ሠርቷል እኮ።»

«ለማን?» አለችው። ሙሳ ሻይ እንድትጠጣ ለመናት፤ አልጠጣችም።

የመሄጃው ቀን ቦርሶ ከቤቷ ስትወጣ ድምፅ ማጉያው ካልተዘጋ መኪናው ላይ አልወጣም አለች። ሾፌሩ ታዝዤ ነው ብሎ እምቢ አለ። ማሬም ራሷ ጋቢናው ድረስ ሄዳ ለመነችው፤ ድምፁን ትንሽ ቀነሰላት እንጂ አላጠፋውም። ቦርሶ በመጨረሻ ወጣች። ማሬም ከጎኗ ስትቀመጥ ቦርሶ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

ድንኳኑ ቀን ቀን እሳት ነው። ወንዶቹ ጀልባቸው ጋ ለመድረስ ከንጋት በፊት መነሳት ግድ ሆነባቸው፤ አንዳንዶቹም ቀስ በቀስ ተዉት። ማሬምን ክፉ የተናገራት የለም። ሰላምታ ይሰጧታል፤ ጨው ያበድሯታል። ድግስ ሲኖር ግን አይጠሯትም።

የማሬም የወንድም ልጅ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም በቦርሶ ስም ተሰየመች። ዘር እንዲቆጥር የተጠራው ከወንዙ ማዶ የመጣ ወጣት ገዌል ነበር። ድምፁ ያምራል። ማሬም እንደ እንግዳ ከኋላ ተቀምጣ ሰማችው። የትልቋን የቦርሶን አባት ጠራ፤ አያቷን ጠራ፤ ከዚያ የሰፈሩን የመጀመሪያ ጀልባ ያሠራውን ቅድመ አያት ዘሎ አለፈ። ማንም ያወቀበት አልመሰለም።

የተዘለለውን ስም ልትጠራ የማሬም አፍ ተከፈተ። ቦርሶ ከፊት ረድፍ ዞር ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ቦርሶም አውቃለች።

ማሬም አፏን ዘጋች። ሩዝና ዓሣው ሲቀርብ ከሰው ጋር በላች፤ «አላህ ያሳድጋት» ብላ መርቃ ወደ ድንኳኗ ሄደች።