ከጥቁሩ አፎት ውስጥ

ሺዎሪ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጥታ ነበር። ልጄ ያለ ስልኳ መታጠቢያ ቤት እንኳ አትገባም።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቀች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። ጠዋት ያቀረብኩላት ሩዝና ሾርባ እንዳለ ነው። ክፍሏን ስከፍት ፍራሿ ተጣጥፎ በሥርዓት ተቀምጧል። እጠፊው ብዬ የማልጮህበት ቀን አልነበረም። ሰው እንዲህ ሁሉን አስተካክሎ የሚሄደው መቼ ነው?

እግሬ ወደ እንግዳ ክፍሉ ወሰደኝ። የባለቤቴ ቅድመ አያቶች ጩቤ እዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አፎቱ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ጥቁር ነው፤ በወርቅ ዱቄት ሁለት ሽመላዎች ተስለውበታል። ከተዳርኩ ጀምሮ አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ መዝዤው አላውቅም። እፈራዋለሁ።

በቦታው ነበር። ልቤ ግን አላመነም፤ መዘዝኩት። የወጣው በጩቤ ቅርጽ የተጠረበ ነጭ እንጨት ነው።

ብረቱን ወስዳ፣ እንዳላውቅባት እንጨት ተክታበታለች አልኩ። ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

የባለቤቴ አባት ጌንዞ በዝናቡ ለሾርባ የሚሆን ነጭ ሥር ይነቅሉ ነበር።

«አባባ፣ ሺዎሪ የለችም። የጩቤውም ብረት የለም፤ አፎቱ ውስጥ ያለው እንጨት ነው።»

«ታዲያ ምን ሊኖር ነበር? ቀለም በተቀባ አፎት ውስጥ ብረት ቢያድር ይዝጋል። ብረቱ በተራ እንጨት አፎት ተኝቶ በእኔ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጥቁሩ የክት ልብሱ ነው። እንጨቱ የሚገባው ልብሱ ባዶውን እንዳይቀር ነው።»

«ያሳዩኝ።»

እየሳቁ ከፍተው አሳዩኝ። ብረቱ አለ። ትንፋሼ ሳይመለስ የውጭው በር ተንሸራተተ። ሺዎሪ ናት፤ ከወንዙ ዳር በዝናብ በስብሳ መጥታለች።

«ነይ፣ እናትሽን ታዘቢያት» አሉ አያቷ። «እንጨት አይታ ነፍሷ ልትወጣ ነበር።»

ሺዎሪ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈታች፣ «እኔም የዚያን ቀን ሳየው እንጨት ነበር» አለች።

የሽማግሌው ሳቅ ቆመ።

«የቱን ቀን?» አልኳት።

«ውጤት የወጣ ቀን።»

ለምን ከፈትሽው ብዬ አልጠየቅኳትም። አጠገቧ ተቀምጬ እርጥብ ካልሲዋን አወለቅኩላት። አያቷ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጃንጥላ እንኳ ሳይዙ ወደ ወንድማቸው ቤት ይዘውት ሄዱ።

«ዛሬ ከእኔ ጋር ትተኛለሽ።»

«ሕፃን ነኝ እንዴ፣ እማዬ?»

«አዎ። አሁንስ እንዴት ነሽ?»

«አላውቅም። እርቦኛል መሰለኝ።»

እጇን ሳልለቅ ሾርባ ላሞቅላት ማድቤት ገባን። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የሽንኩርት ቢላዬ ላይ ነው። ፎጣ ጣል አደረግኩበት። አይታኛለች።