ስልሳ ስምንት ኪሎ

ወንድሜ ቤይሴን ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ አሮጌዎቹ ሞላዎች መሬት ላይ ተጋድመው ነበር። እኔ የመረጥኳቸው አዲሶቹ መኪናዬ ሥር ገብተዋል። እሱ ትልቅ ካርቶን ታቅፏል። ምን እንደያዘ ሳይነግረኝ አወቅኩና ደሜ ፈላ።

«አውልቁት» አለ። ሰላምታ እንኳን የለም።

መኪናዋ ሠላሳ ዓመት የሞላት የጀርመን ስፖርት መኪና ናት፤ የአባባ ነበረች። ከመሞታቸው በፊት ሊብሬውን በስሜ አዛውረው ቁልፉን በእጄ አስጨበጡኝ። ቤቱ የቤይሴን ሆነ። በእኛ በካዛኮች ዘንድ የአባት ቤት ለመጨረሻው ወንድ ልጅ ነው፤ ማንም አይከራከርም፣ እኔም አልተከራከርኩም። ሴት ልጅ ደግሞ ነገ ተድራ የምትሄድ እንግዳ ተደርጋ ከላይ፣ የክብር ቦታ ላይ ትቀመጣለች። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አልተዳርኩም፣ ዛሬም እንግዳ ነኝ። እሱ ግን ቤቱ አልበቃውም። መኪናዋም የቤቱ ዕቃ ናት ባይ ነው።

በሞላ ምርጫ እንዲህ ይጣላሉ ወይ የሚል ሰው ቤይሴንን አያውቀውም። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በየሳምንቱ ከአልማቲ ተነስቼ ከኬገን ከተማ ወዲያ ወዳሉት መንደሮች እወጣለሁ፤ መንገዱ ጠጠር ነው። ስለዚህ ከፍታዋን የማይቀንስ ሞላና ጠንከር ያለ አሞርዛተር መረጥኩ፤ ኩርባ ላይ እንዳትንጋደድ፣ ጉድጓድ ላይም ሆዷ እንዳይፋቅ። ሁለት ወር አጥንቼበታለሁ። በእሱ ካርቶን ውስጥ ያሉት አጫጭርና ደረቅ ናቸው፤ መኪናዋን መሬት ላይ ያስተኟታል። ቆማ ስትታይ ታምራለች፣ እሱን አልክድም። ከአንድ ወር በኋላ የአባባ ሙት ዓመት ነው። ፈረስ ይታረዳል፣ ዘመድ ከየአገሩ ይመጣል። ቤይሴን ያን ቀን መኪናዋ ዝቅ ብላ ግቢው መሃል እንድትቆምለት ፈልጓል፤ እሱም አጠገቧ ቆሞ ባለቤት መስሎ ሊታይ።

ከመኪናዋ ሥር፣ ከሥራ ጉድጓዱ ውስጥ የመካኒኩ የጋሽ ሳፋርጋሊ ድምፅ መጣ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አባባ መኪናዋን ከገዙበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ነክቷት አያውቅም።

«ልጆች፣ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው የቀረኝ። መጮህ የፈለገ ገብቶ ይጩህ። ሰው መኪናዋ ላይ ያስፈልገኛል።»

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የእግሯን ብሎኖች ሰው ሳትጭን አያጠብቁም፤ ሾፌሩ ቦታ ስልሳ ስምንት ኪሎ፣ ከጎኑም ስልሳ ስምንት። ባዶዋን ከታሰረች በኋላ ሰው ሲቀመጥባት በብሎኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ እየተጠመዘዘ ቶሎ ይቀደዳል ይላሉ። ሌላ ጊዜ የአሸዋ ከረጢት ነው የሚጭኑት። ዛሬ ከረጢቶቹ ጥግ ላይ ተደርድረው እያየኋቸው አልነኳቸውም። ተንኮላቸው ገባኝ፤ ሊያስታርቁን ነው።

እኔ መሪው ጋ ገባሁ፣ እሱ ከጎኔ። ካርቶኑን ውጭ አስቀምጦ በሩን ድርግም አደረገው።

«እትዬ ኩራላይ» አለ። እትዬ የሚለኝ ሊሰድበኝ ሲል ብቻ ነው። «የላም ጭራ ስር ለምትውይ ሰው አንድ የተንኮታኮተ ጂፕ ይበቃሽ ነበር። ይቺ ላንቺ ምንሽ ናት?»

«የኔ ናት። ሊብሬውን ላንብብልህ?»

«ሊብሬሽን ቀቅለሽ ብዪው።»

«አንተ ቤት ሙሉ ውጠህ መች ጠገብክ? ሆድ ነው ጎተራ?»

ከእግራችን በታች የብሎን መፍቻው ቀጭ ቀጭ ይላል። «አትነቃነቁ!» አሉ ጋሽ ሳፋርጋሊ።

ቤይሴን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲጮህ አልፈራውም፤ እንዲህ ሲሆን ግን እፈራዋለሁ።

«ሁለት ዓመት አልጋ ላይ አባባን ማን ነው ያገላበጣቸው? ገላቸውን ማን ነው ያጠበው? አንቺ ለበዓል መጥተሽ፣ በዘይት የተጠበሰ ባውርሳክሽን በሻይ በልተሽ፣ ፎቶ ተነስተሽ ውልቅ። ሲያቃስቱ የት ነበርሽ? የትኛዋን ላም እያዋለድሽ ነበር?»

እውነቱን ነው። እኔም ለራሴ በየቀኑ የምለው ይህንኑ ነው። ልክ ነህ ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው። ግን ያንገበገበኝ እውነት መሆኑ ነበር፤ እናም የባሰውን ፈልጌ አገኘሁት።

«ይህን ሁሉ ሠርተህ ቁልፉን ለምን ለኔ ሰጡኝ? አስበህበት ታውቃለህ? ፊትህን ማየት ሰልችቷቸው ነበር። በራሳቸው አፍ ነግረውኛል።»

ውሸቴን ነው። አባባ እንዲህ ብለው አያውቁም።

ቤይሴን አልተሳደበም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከታች የመፍቻውም ድምፅ ቆመ።

«እንዲህ አሉ?»

አሁንም ቃሌን መልሼ መዋጥ ይቻል ነበር። እኔ ግን መሪውን ጨበጥ አደረግኩ።

«ለሙት ዓመቱ እንዳትመጪ» አለ። «ብትመጪም በሩን አልከፍትልሽም።» ወረደ። በእሱ በኩል መኪናዋ ከፍ አለች። ካርቶኑን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ በሩ ሄደ፤ አይቸኩልም ነበር።

ጋሽ ሳፋርጋሊ ከታች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኩራላይ፣ ልጄ። አባትሽን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። እንዲህ አላለም።»

ዓይኔን ወደ መስታወቱ አነሳሁ።

«ሳይርቅ ጥሪው» አሉኝ።

በመስታወቱ አየሁት። የግቢው በር ጋ ደርሶ ካርቶኑን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምላሴ ላይ ነበር።

የግቢው በር ሲዘጋ «በይ እሺ» አሉ ጋሽ ሳፋርጋሊ። «ሁለት ብሎን ይቀረኛል። ከጎንሽ ከረጢት ልጫን? ባዶ ካሰርኩት በኋላ ሰው ቢቀመጥበት ይቀደዳል፣ ነግሬሻለሁ።»

«ማንም አይቀመጥበትም» አልኳቸው። «ባዶውን ያጥብቁት።»

እሳቸውም ባዶውን አጠበቁት።