የሙፊዳ ወረፋ

ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነው። ላፍቶ ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም፤ «ነገ ና» ማለቱንም የማያውቅ የለም። የሚመጣ ነገ አለ፣ ጭራሽ የማይመጣም አለ፤ ሸምሱ ሁለቱንም በአንድ ፈገግታ ነበር የሚሰጠው። ጧት አንዱን ሱሪ ይጀምራል፤ ሌላ ደንበኛ ሲገባ ሱሪውን ጥሎ የመጣውን ሰው ልብስ ያነሳል፤ መሃል ላይ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል፤ ከስብሰባው ሲመለስ ደግሞ ወሬ አለ። ሰዓት እላፊው ሲቃረብ እጅጌ ያልገባላቸውን ኮቶች እንደተንጠለጠሉ ትቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል።

ከሁሉ ይበልጥ «ነገ» የተባለችው ግን የገዛ ሚስቱ ሙፊዳ ነበረች። እናቷ የሰጠቻት አረንጓዴ ጨርቅ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ተጣጥፎ ሁለት አረፋ አለፈው። ሦስተኛው አረፋ ሲቃረብ ሙፊዳ ከቀበሌው ሱቅ የስኳር ወረፋ በቀጥታ ወደ ባሏ መጣች። እዚያ ወረፋ ላይ ሌላ ጉዳይ ያለበት ሰው በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ተራውን ይጠብቅለታል። እሷም አንድ ድንጋይ ይዛ ኖሮ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«ቀበሌ እኮ ድንጋይም ተራው ይደርሰዋል» አለች ረጋ ብላ። «በዚህ አረፋ ካልደረሰኝ ጨርቄን ለደምሰው እሰጣለሁ።»

ደምሰው ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። የልብስ ሰፊ ሚስት የሌላ ሰው ስፌት ለብሳ በበዓል ዘመድ ስትጠይቅ ከምትታይ፣ ሸምሱ ሰፈር ቢቀይር ይሻለው ነበር። ያን ቀን ሥራም አልሆነለት፣ ወሬም አልጣመው።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ተቀመጠና ቀኑን ከፋፈለው። ጧት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ የሙፊዳ ቀሚስ፤ ከዚያ እስከ ምሳ መቁረጥ ብቻ፤ ከምሳ በኋላ መስፋት ብቻ፤ ልኬትና ወሬ ወደ ማምሻው። የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ላያነሳም ለራሱ ማለ። ደንበኞቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ልብሳቸውን በቀጠሮው ሲያገኙ ሳቁን ተዉት። እሱንም ገረመው። ቀኑ ያው የድሮው ቀን ነው፤ ሲከፋፍሉት ግን በረከተ። መኪናውን እየረገጠ ማንጎራጎር ጀመረ።

ሙፊዳን ግን አልለካትም። ስንት ዓመት አብሯት የኖረውን ሚስቱን ሜትር ይዞ መለካት ጊዜ ማባከን መሰለው። በዋዜማው ቀሚሱን ይዞ ደረቱን ነፍቶ ቤት ገባ። ሙፊዳ ለበሰችው። ትከሻው ልክ ነው፤ ርዝመቱ ልክ ነው፤ ወገቡ ላይ ሲደርስ ግን እንቢ አለ።

ሸምሱ ክው አለ። ጨርቁን ረገመ፣ መቀሱን ረገመ፤ በመጨረሻ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተንበረከከ። አንዴ ለካ፤ ደገመ። ቀና ብሎ ሲያያት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እየሳቀች ነበር።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አላት።

«ልነግርህ ስንቴ አሰብኩ። ተቀምጠህ የምትሰማኝ ሰዓት አጣሁልህ።»

ሸምሱ አፈረም፣ ደስታውም አቅሉን አሳተው፤ እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ደግነቱ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትቶ ነበርና፣ የቀሚሱን ጎን ፈትቶ አሰፋላት። በአረፋ ጧት ሙፊዳ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ወጣች።

ከበዓሉ በኋላ ደንበኞች ምሳ ሰዓት ላይ ሲመጡ ሱቁን ዝግ አገኙት። ሸምሱ ታሞ እንደሆነ ደምሰውን ጠየቁት። ደምሰውም ደህና መሆኑን፣ አሁን አሁን ምሳውን ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር እንደሚበላ ነገራቸው።