ስድስት የእንቁላል ነጭ

ለገሠ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሐረርን የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት በቀን ሦስት ብርጭቆ ውሃ ብቻ ተፈቀደለት። ከዚያ በላይ ከጠጣ ውሃው መውጫ የለውም፤ ሄዶ ሳንባው ላይ ይተኛል። ሰኞና ሐሙስ አራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት አለው።

«ስታነበው የኖርከው ቆጣሪ ይኸው ዞሮ ክንድህ ላይ ተገጠመልህ» ይለዋል ከጎኑ አልጋ የሚታጠበው ዐብዱልወሃብ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሱሪ ይሰፋል።

ለገሠ አይስቅም። አያዝንምም። መርፌው ሲገባ እንኳ ክንዱን እንደ ሰው ዕቃ ያየዋል።

ልጁ ብሌን ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመርምራ ልክ ሆናለች። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ፣ አዲስ አበባ ነው። የቀረው አንድ ቁጥር ነበር።

«ጋሽ ለገሠ፣ አልቡሚንዎ ሁለት ነጥብ ስምንት ነው» አለችው ሲስተር ነፃነት ወረቀት ይዛ። «በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው እሱ። ሦስት ነጥብ አምስት ካልደረሰ ቀዶ ጥገና የለም። ቁስሉ አይሽርማ!»

«እበላለሁ እኮ።»

«ምን?»

«ሽሮ።»

«ይኸውልዎ! ሰውነትዎ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጤስ ብግነት አለ። የሚያቃጥለው ሲያጣ የራስዎን ሥጋ ያቃጥላል፤ ልብንም አይምርም። በቀን ስድስት የእንቁላል ነጭ ይብሉ። አስኳሉን ይተዉት። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ተምር እንዳይነኩ፤ የእነሱ ፖታሲየም ልብ ያቆማል።»

ይህ የተባለው በሁዳዴ ነው። የንስሐ አባቱ «መድኃኒት ነው፣ ብላ» ብለው ፈቀዱለት። ሚስቱ በለጡ ግን አልፈቀደችም።

«በጾም ድስቴ እንቁላል? ምነው፣ ቀይ ሥር አለልህ አይደል፣ ደም የሚሆን!»

ጨምቃ በትልቅ ብርጭቆ ሰጠችው። እሱም ፖታሲየሙን ፈርቶ ጓሮ ላለው የጥድ ዛፍ አጠጣው። ጥዱ ምንም አልሆነም።

እንዳይገዛ ደግሞ፣ በአቦከር ሰፈር በሁዳዴ እንቁላል የገዛ ሰው እንቁላሉ ቤት ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። በዚያ ላይ ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ስለገቡ፣ ከተማው በሙሉ ጾሞ የሌላውን አፍ ይጠብቃል።

«ቀትር ላይ ሱቅ ና» አለው ዐብዱልወሃብ። «ሚስቴ መብሩካ በየቀኑ ስድስት ትቀቅልልኛለች። አስኳሉ ለድመት፣ ነጩ ለኔ። ድመቱ ከሁለታችንም በላይ ወፍሯል።»

«የታዘዘው ላንተ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«ጹም ያለህ ማነው?»

«ሐኪሙ አትጹም አለ። ሼኹ አትጹም አሉ። መብሩካ ከጾምክ ወላሂ አላናግርህም አለች። አሻፈረኝ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።» ወደ ጣሪያው አየ። «እሷ የምበላ ይመስላታል። ከነገርካት ያንተም እንቁላል ይቀራል።»

ለገሠ የመጨረሻዋን ነገር በደንብ ሰማት።

ከማግሥቱ ጀምሮ በየቀኑ ቀትር ላይ፣ ደንበኛ ሱሪ በሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ስድስት የእንቁላል ነጭ ይበላል። ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። በመጋረጃው ሥር ጫማው ይታያል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከውጭ «ማነው እዚያ?» ብትል፣ ዐብዱልወሃብ ከመኪናው ቀና ሳይል «ወገቡ አልያዝ ያለ ሰው ነው» አላት። እውነቱን ነው። የለገሠ ሱሪ በሲባጎ ነው የሚታሰረው።

ዐብዱልወሃብ ማታ ማታ ከመስጊድ በተምር ያፈጥራል። «ሦስት ብቻ» ይል ነበር መጀመሪያ። ኋላ ሰባት ደረሰ።

«ሲስተሯ ያለችውን አልሰማህም?» አለው ለገሠ እያኘከ።

«ሰባት ነው ደጉ። ለአንዱ ኩላሊት ሦስት፣ ለአንዱ ሦስት፣ አንዷ ለሲስተሯ።»

ለገሠ ዋጠ። ለመብሩካም፣ ለሲስተር ነፃነትም አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ እንደነበር ያውቃል። ሣህኑን ጠረገና መለሰለት። የሰውየው ቁርጭምጭሚት ማበጡን አይቷል፤ የመኪናውን ፔዳል ሲረግጥም ትንፋሽ እንደሚያጥረው አይቷል። ቆጣሪ አንባቢ ያየውን ይጽፋል እንጂ ቧንቧ አይጠግንም።

በረመዳን ሃያ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የጎኑ አልጋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ አገኘ።

«ትናንት ካፈጠረ በኋላ ነው» አለች ሲስተር ነፃነት። «ልቡ ቀጥ አለ።» መርፌውን ክንዱ ላይ አስገባች። «የእርስዎ ውጤት መጥቷል። ሦስት ነጥብ ስድስት። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ለገሠ። ለየትኛው እንደመለሰ ራሱም አላወቀውም።

በማግሥቱ በኤረር በር አጠገብ ወዳለው የዐብዱልወሃብ ለቅሶ ቤት ሄደ። ለክርስቲያን ለቀስተኛ እንደ ደንቡ ለብቻው ሙዝና ብርቱካን ቀረበ። ለገሠ ሁለቱንም አልነካም። መብሩካ ይህን አይታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሲስተሯ የእሱን ወረቀት ሰጠችኝ» አለች። «ሁለት ነጥብ አራት። በየቀኑ ስድስት እየቀቀልኩ እንዴት ሁለት ነጥብ አራት ይሆናል?»

ለገሠ ምንጣፉን አየ።

«የእርስዎስ?»

«ሦስት ነጥብ ስድስት።»

መብሩካ ትከሻው ላይ ከተንዘላዘለው ኮቱ ጀምራ እስከ ሲባጎው ድረስ ቁልቁል አየችው። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የውሃ መፍላት ተሰማ። ለቀስተኛው ተነሥቶ ሌላ እስኪተካ ድረስ ቆየችና ያንኑ የሱቁን ሣህን ይዛ ወጣች። ስድስት፣ አስኳላቸው የወጣ።

«ይብሉ» አለችው።

«መብሩካ፣ እኔ...»

«ይብሉ እንጂ። ልጅቷ ኩላሊቷን ልትሰጥዎ አይደል?»

ለገሠ አንዱን አነሣ። ገና ትኩስ ነው። መብሩካ ፊቱ ቆማ፣ ስድስተኛውን እስኪውጥ ድረስ አልሄደችም።