ዕጩው ጫት ያውቃል

አላወቀም ይላል ጂብሪል፣ ሲለው ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ ጓድ ዓሊዩ ጫቱ ከማን እንደመጣ አላወቀም፣ ቤቱ የተቀመጠ ጫት አገኘ፣ ቃመ፣ በቃ፣ እዚህ አገር ጫት የማይገባበት ቤት ማን አለው፣ ሊቀመንበር ስለሆነ ቆሞ ነው የሚናገረው፣ እኔ የማኅበሩ መጋዘን ጥግ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጬ እግሬን አያለሁ፣ ዝም ብያለሁ፣ ዝም ማለት ልማዴ ነው፣ ሰዉ ዝምታዬን እንደ ንጽሕና እየቆጠረልኝ ነው። ለፍርድ ሸንጎ ዳኝነት ያጩኝም በዝምታዬ ነው። ዓሊዩ ወሬ የለውም፣ ያመዛዝናል፣ አሉ።

አላመዛዘንኩም። ቃምኩ።

ማመልከቻው ጂብሪል እጅ ላይ ነው፣ ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ፣ ለገበሬ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጉዳዩ፣ ለዳኝነት የታጨው ዓሊዩ ዑመር ለቦታው የማይገባ ስለመሆኑ፣ ምክንያቱ፣ የባለጉዳይ ጫት ቅሞ ስለፈረደብኝ፣ አመልካች ጣሂራ፣ ከስሟ ሥር የአውራ ጣት ምልክት፣ ጣሂራ ፊደል አትለይም፣ የጻፈችው ልጄ ናት። ዛሬ ጠዋት ፍየሎቹን ስፈታ ረዲያ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ አባ፣ የአዴ ጣሂራን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው፣ አለችኝ፣ አንዱን ገመድ ፈታሁ፣ ሁለተኛውን ፈታሁ፣ ቁጣዬን ፈለግሁት፣ አጣሁት። ወረዳው መሠረተ ትምህርት አስተምሪ ብሎ የመረጣት ጊዜ፣ ጻፊልኝ የሚልሽን ሰው እንዳትመልሺ ያልኳት እኔ ነኝ። አልመለሰችም። አሁን ከኋላ ሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፣ አላየኋትም፣ ዞሬ አላይም።

አራት ዓመት ሆነው። የጣሂራ ባል ሞተ፣ ሁለት እርከን ጫት ተወ፣ የታችኛው ከምንጩ አጠገብ ነው፣ የላይኛው ድንጋይ፣ የባሏ ወንድም ሐሰን የታችኛው ለእኔ ይገባል አለ፣ ማኅበሩ ሦስት ሽማግሌ ሰየመ፣ አንዱ ለሷ አለ፣ አንዱ ለሱ አለ፣ እኔ ቀረሁ። ቀትር ላይ ቤቴ ገባሁ፣ መደቡ ላይ አንድ እስር ጫት፣ በእርጥብ ሣር የተጠቀለለ፣ ማን አመጣው አልኳት ሶፊያን፣ ሚስቴን፣ እኔ እንጃ፣ ውሃ ወርጄ ስመለስ እዚያው አገኘሁት አለች፣ ፈታሁት። ሐሰን ከሰል አክሳይ ነው፣ የምድጃውን አመድ የጫቱ ሥር ይደፋል፣ ለዚያ ነው ቅጠሉ ጫፉ ላይ የሚጠቁረው፣ በዚህ ጋራ ሌላ እንደዚያ ያለ ጫት የለም፣ ሣሩን ስገልጥ አየሁት፣ አፌ ሲገባ ደግሞ ምላሴ ነገረኝ፣ እጅ አላየሁም አልኩ ለራሴ፣ እጅ ካላየሁ ሰጪ የለም፣ ሰጪ ከሌለ ተቀባይ የለም፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ እስከ ዐሥር ሰዓት ቃምኩ፣ ከዚያ ተነሥቼ ሄጄ የታችኛው ለሐሰን ይሁን አልኩ፣ ሴት ብቻዋን የውሃ ተራ አትጠብቅም አልኩ።

ጫቱ ባይመጣስ እንዲያው ነበር የምፈርደው? አላውቅም። እዚህ ላይ ነው የሚያመኝ። ለሐሰን ብዬ እንደፈረድኩ ባውቅ አንድ ነገር ነው፣ ከልቤ እንደነበር ባውቅም አንድ ነገር ነው፣ አላውቅም፣ አራት ዓመት ሙሉ ሳርም ሳጭድም ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ።

ጣሂራ ተነሥታለች። ቀጭን ሆናለች። ጓድ ሊቀመንበር፣ አላወቀም ነው የምትለኝ? ይሄን ሰውዬ ዓይኑን ጨፍነህ አንድ ቅጠል አፉ ውስጥ አድርግለት፣ የማን ማሳ እንደሆነ፣ መቼ ውሃ እንደጠጣ ይነግርሃል። ያጠጣውንም ሰው ይነግርሻል አለ አንዱ ከኋላ፣ መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ፣ ሐሰን ብቻ አልሳቀም፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል። ሥርዓት ጓዶች፣ ሥርዓት አለ ጂብሪል፣ አዴ ጣሂራ፣ ማስረጃ አለሽ ወይ ነው ጥያቄው፣ ሐሰን ሲሰጠው ያየ ሰው አለ? ማስረጃው አፉ ውስጥ ነበረ፣ ዋጠው አለች። እንደገና ሳቅ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ወላሂ አላወቅኩም ይበልና እንገላገል አለ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ከጭሮ የመጣው የአውራጃው ካድሬ፣ ሲያዛጋ የቆየው፣ መሐላ ኋላ ቀር አሠራር ነው ጓዶች፣ እጅ ይውጣና ይወሰን አለ። ተረፍኩ። መማል የለም፣ መዋሸት የለም፣ መናገር እንኳ የለም፣ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እነዚህ ስልሳ ገበሬዎች፣ ጫት ላይ ተወልደው ጫት ላይ ያረጁ፣ ዓሊዩ ጫት አይለይም ብለው እጃቸውን ያወጣሉ፣ ሁሉም እንደምለይ ያውቃል፣ ስለሚወዱኝ ያወጣሉ። ለእነሱም ውሸት ላሸክማቸው ነው።

ጥሩ ዳኛ እሆናለሁ እኮ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጠብ አስታርቄ የማንንም ቅጠል አልነካሁም፣ ሰው ቤት ስሸመግል ጫቴን ከቤቴ ይዤ ነው የምሄደው፣ ይሄ ሰውዬ ኩራት አበዛ ይሉኛል። አንድ ቀን ተሳሳትኩ፣ አንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብዬ ቦታውን ለአብዱልቃዲር ልልቀቅ? አብዱልቃዲር ተጠባባቂው ነው፣ እሱ ሲያወራ መስማት እህል እንደማስፈጨት ነው፣ የማን ወሰን የት እንደሆነ አያውቅም። ይጠይቃል እንጂ። ወሬኛ ሰው ይጠይቃል። እኔ ያን ቀን ሐሰንን አንዲት ቃል ብጠይቀው ኖሮ፣ ይሄ ጫት ያንተ አይደለም ወይ ብለው ኖሮ።

አባቴ በባላባቱ ዘመን በመሬት ተከሶ ዳኛው ቤት ቅቤ ይዞ ይሄድ ነበር። ሌላው ወገን በሬ ወሰደ። አባቴ ተፈረደበት። እስኪሞት ድረስ የሚቆጨው በሬ ስላልነበረው ነው፣ ቅቤውን ስለመውሰዱ አንድም ቀን አልተቆጨም፣ እኔ ደግሞ ዳኛ ብሆን አባቴን እክሳለሁ ስል ኖርኩ፣ ምን ብዬ ነው የምክሰው አቦ፣ ተቀባይ ሆኜ?

በሰባ ሰባቱ ድርቅ የላይኛው እርከን ከሥሩ ደረቀ። የታችኛው ምንጭ ስላለው ለምለም ነበር፣ መንገዱ አንድ ነው፣ በየቀኑ ሁለቱንም እያየሁ አልፌያለሁ። ጣሂራ ላሟን ሸጣ ገለምሶ እህቷ ቤት ገባች፣ ስምንት ወር። ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት፣ አሰላሙ አለይኩም አልኳት፣ ወአለይኩም ሰላም አለችኝ፣ ሰላምታ አልነፈገችኝም፣ ያንን እንኳ አልነፈገችኝም።

እንግዲህ ጓድ ዓሊዩን የምትደግፉ እጅ አውጡ ይላል ጂብሪል። የመጀመሪያው እጅ ወጣ፣ ሁለተኛ፣ አምስት፣ እጆቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጥፍራቸው ሁሉ በጫት የጠቆረ

እነሣለሁ።

ቆይ ጂብሪል።

ዓሊዩ ተቀመጥ አቦ፣ አልቋል እኮ ይለኛል በሹክሹክታ፣ ወዳጄ ነው፣ ልጅ ሆነን አብረን ከብት ጠብቀናል፣ አልቀመጥም፣ የምለው አጭር ነው፣ አጭር ነገር ደግሞ እችላለሁ። አውቄ ነው የቃምኩት። የሐሰን ማሳ መሆኑን አፌ ሳይገባ አውቄያለሁ። እጆቹ ከላይ ቀሩ፣ የሚወርዱበት ጠፋቸው። ምን በደልኩህ ይላል ሐሰን፣ ምንም አልበደልከኝም ሐሰን፣ አንተ አመጣህ፣ የበላሁት እኔ ነኝ። ዳኛ አልሆንም። አብዱልቃዲርን ምረጡ፣ የሴትዮዋን ጉዳይ እንደገና ይየው፣ እኔ እሱ ፊት ምስክር እቆማለሁ።

ካድሬው ማዛጋቱን ትቷል። አብዱልቃዲር አፉን ከፍቶ ምንም አልወጣውም፣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጣሂራ አላለቀሰችም፣ አላመሰገነችኝም፣ ጻፉት አለች፣ አሁኑኑ ጻፉት፣ ነገ ሐሳቡን ይለውጣል። እውነቷን ነው። ነገ እኔ ራሴን አላምነውም።

ማን ይጻፈው ይላል ጂብሪል ተናዶ፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፣ የረዲያን እርምጃ አውቀዋለሁ፣ ጠረጴዛው ጋ መጥታ ተቀመጠች፣ ወረቀቱን አስተካከለች፣ ቀና ብላ እንደ ማንኛውም ምስክር ልታየኝ ሞከረች፣ አልቻለችም፣ ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

የምስክሩ ሙሉ ስም ማን ይባላል?

ዓሊዩ ዑመር እላታለሁ። እሷ ስትጽፍ እጠብቃለሁ፣ አትቸኩልም፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ትንሽ ትተነፍስበታለች፣ ከዚያ ይቀጥሉ ትለኛለች፣ እኔም፣ አላህ ይመስገን፣ ገና ብዙ የምናገረው አለኝ።