በመታጠቢያው ላይ የሚደፋው

ጠርሙሱ ሲደፋ የሚያሰማው ድምፅ ነበር ወጣቱን ነርስ ከሁሉም በላይ የሚያንገሸግሸው። መጀመሪያ ጎልጎል ይላል፤ ከዚያ ወፍራሙ ዝቃጭ ጧ ብሎ ይወድቃል። ከታማሚዎች ቁስል በቱቦ የወጣው ደምና መግል የሚደፋው፣ በቀዶ ጥገና ክፍሉ አንድ ለእናቱ በሆነው የእጅ መታጠቢያ ላይ ነው። እዚያው ላይ ነርሶቹ ቁስል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ የሻይ ብርጭቆም ያለቀልቃሉ።

እሱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለት ታማሚዎች ደህና ቁስል አመርቅዟል። አሁን ደግሞ በመስኮቱ በኩል አንጀቷን ቀዶ ጥገና የተደረገች አስተማሪ ተኝታለች። ቁስሏ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው። የነገውን ግን ማን ያውቃል?

ተናግሮ ነበር። ያውም በታማሚዎቹ ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ «ይኼ እኮ ሽንት ቤት አይደለም!» ብሎ። ያተረፈው ነገር ቢኖር ንጽሕና አበዛ ተብሎ «ሙሽራው» የሚል ቅጽል ስም ነው።

«ሙሽራው፣ ሻይ ልቅዳልህ?» አሉት እትዬ። እትዬ በክፍሉ ከሁሉም የቆዩት ነርስ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የእሳቸውን ዓይን እያየ ነው የሚሠራው።

በብርጭቆው ጠርዝ ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ አየ።

«ይቅርብኝ። እትዬ፣ ልጠይቅዎት፤ ጠርሙሱን ቆሻሻ ማፍሰሻው ክፍል የማይደፉት ለምንድን ነው?»

እትዬ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ፊቱን ሲያዩት ግን የምር እየጠየቀ መሆኑ ገባቸው።

«ክፍሉን አይተኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«በሩ ላይ የተሰበሩ አልጋዎች ተቆልለዋል። ጠርሙሱን ታቅፌ ልዝለላቸው?»

ነርሶቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ አፈረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲቆጣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዶ አላየም።

ከክፍሉ አልጋ ገፊ ጋር ተጋግዘው አልጋዎቹን አነሱ። በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ወለሉ ላይ ግራጫ ውሃ ተኝቷል፤ በረሮዎች በግድግዳው ሽቅብ ተበተኑ። ጓንት አጥልቆ የፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ እጁን ከተተና አሮጌ ፋሻ ያዘ። ሳበው፤ እንደ አንጀት እየተሙለጨለጨ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ያን ጊዜ ወደ ጥግ ዞሮ አስመለሰው።

«ኧረ ሙሽራው! ገና በጫጉላው?» አሉ እትዬ ከበሩ ላይ። ከዚያ አፍንጫቸውን በሻሻቸው አስረው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ዞር በል። ይልቅ በረኪና አምጣ።»

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ የአስተማሪዋን ጠርሙስ ይዛ፣ እግሯ እንደለመደው፣ ወደ መታጠቢያው አመራች። ሙሽራው ከንፈሩን ነከሰ።

«አንቺ! ወዴት?» አሉ እትዬ። «አንጀታችን እስኪገለበጥ ያጸዳነው ለጌጥ ነው?»

«ረስቼው ነው እትዬ፣ በሞቴ!» ብላ እየሳቀች ተመለሰች።

እሱ መታጠቢያውን መፈግፈግ ጀመረ። ከገንዳው ሥር የተጋገረው ቆሻሻ እንደ ቆዳ ተልጦ ተነሣ። በዚህ ላይ ታጥቦ ስንቱን ቁስል ነክቷል! ደጋግሞ ታጠበ፤ ቆዳው ቢቀላም ሽታው አልወጣልህ አለው።

ወደ አስተማሪዋ ሄዶ ፋሻዋን ፈታ። ቁስሉ ቀይ ነው፤ መግል የለውም። እሷ ግን አፍንጫዋን ሸፍና በፍርሃት ታየዋለች።

«ወንድሜ፣ ሸተተ እንዴ ቁስሌ?»

«የለም እህቴ» አላት። «የሸተትኩት እኔ ነኝ።»