ከብቱስ?

ኮንስታብል ሰርክአዲስ ሮቤ ከተማ፣ እኛ ሰፈር የተመደበች ሰሞን ከጥድፊያዋ የተነሳ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ጠዋት ጠዋት በየደጃችን ብቅ ትልና «ሰላም ነው?» ትላለች። እኛም «ነጋ!» እንላታለን፤ በኦሮምኛ ሰላም ነው ማለታችን ነው። እሷ ግን መጀመሪያ ላይ ነግቷል ያልናት እየመሰላት «እሱማ ነግቷል» ብላ ፀሐይዋን እያየች ትሄድ ነበር። ትርጉሙን ካወቀች ወዲህም ያው ናት። ሰላም ከተባለች ምን ታድርግ፣ ታልፋለች።

አንድ ቀን ታዲያ የአዴ ጤቤ ላም ከግጦሽ ሳትመለስ ቀረች። አዴ ጤቤ ወተት ሸጣ የምታድር ጎረቤታችን ናት፤ ያለቻት እሷው አንዲት ላም። ጎረቤቱ ሁሉ በየሜዳው ፈልገን አጣናት። በማግስቱ ጠዋት ሰርክአዲስ መጣች።

«ሰላም ነው?»

«ነጋ፣ እግዜር ይመስገን» አለቻት አዴ ጤቤ።

ልጅቷ አለፈች። አዴ ጤቤ ወደኛ ዞራ፣ «አያችሁልኝ? ላሜ ጠፍታ ፖሊሷ ዝም ብላኝ ሄደች!»

«ኧረ ነገርሻት?»

«ሰላምታው ሳያልቅ ክፉ ነገር ይወራል? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ? ከብቱስ ብትለኝ እነግራት ነበር!»

እውነቷን ነው። ጮክ ብዬ ተጣራሁ። «ኢንታሎ! ልጄ፣ ተመለሽ። ሰላምታሽ እኮ ጅራት የለውም! ልጆቹስ፣ ዝናቡስ፣ ከብቱስ ይባላል እንጂ!»

እየሳቀች ተመለሰችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እንደ አዲስ ጀመረች።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ነጋ።»

«ዝናቡስ?»

«ነጋ።»

«ከብቱስ?»

«እሱን እንኳ ተይው፣ ልጄ…» አለች አዴ ጤቤ፤ እንባዋ ቀደማት።

ሰርክአዲስ ፍለጋ ወጣች። በየደጁ ሰላምታውን ሳትጨርስ አልተነሳችም። በጎባ መንገድ፣ የሰፈራችን ጫፍ ላይ ካሉት ከኦቦ ከሊል ደጅ ደረሰች። ስለ ልጆቹ ጠየቀች፤ ስለ ዝናቡ ጠየቀች።

«ከብቱስ፣ ኦቦ ከሊል?»

«አልሐምዱሊላህ! እንዲያውም በዝቷል። ትናንት አንዲት ላም ከላሞቼ ጋር ተቀላቅላ ገባች። ባለቤቷን እየጠበቅኩ ነው።»

«ታዲያ ጠዋት በደጅዎ ሳልፍ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ላሟ ለማታው አለባ ቤቷ ገባች።

ዛሬ ሰርክአዲስ የሰፈራችንን ግማሽ ሳታዳርስ እኩለ ቀን ይሆንባታል። በቀደም ደጄ ላይ ተቀምጣ ሳለች አለቃዋ ደወለ። «የት ነሽ አንቺ?» ሲል ለኔም ተሰማኝ።

«ሰላምታ ላይ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እስካሁን?»

«ገና ዝናቡ ላይ ነኝ» አለችው። «ከብቱ ይቀረኛል።»